ቀይ ነጥብ ያለበትን አትንኩ

…አራተኛው ነው አልፈታ ያለው፣ ሦስቱ ብሎኖች በሰላም ወጡ፣ ይኼኛው ግን ድርቅ፣ ቀስ በል ይላል ለራሱ፣ ቀስ፣ የብሎን ጭንቅላት ከተበላ ቀኑም አብሮ ተበላ፣ ዛሬ ደግሞ የሚበላ ቀን የለም፣ ልጅቷ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች፣ ለሞተሩ ብላ ነው የምትመጣው፣ ለአንተ እንዳይመስልህ፣ ብላዋለች እናቷ፣ በስልክ ስታነጋግራት እሱ አጠገቧ ቆሞ ነበር፣ ጋዜጣ የሚያነብ መስሎ፣ አንድ መስመር ሳያነብ።

ሃያ ሁለት ቀን። ሦስት ሳምንት ይላሉ ሌሎቹ፣ እሱ ግን በግምት አይናገርም፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ጋራዥ ፎርማን የነበረ ሰው በግምት ከተናገረ ሌላው ምን ሊል ነው፣ ጡረታ ወጣ እንጂ ፎርማንነቱ አልወጣለትም፣ ሰፈሩ ፎርማኑ ነው የሚለው፣ ሚስቱም ስትናደድ ፎርማኑ ትለዋለች፣ ልጅቷ ብቻ ናት አባባ የምትለው፣ ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ ደግሞ አባባ ያለው የለም፣ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ ቁልፉን መልሶ ያስገባል፣ ይገፋል፣ ቋ! ተፈታ። እሰይ።

በረንዳው ጠባብ ነው፣ በአንድ በኩል አንሶላ ተሰጥቷል፣ በሌላ በኩል ሞተር ሳይክሉ ቆሟል፣ ቀኝ ጎኑ ተከፍቶ ሆድ ዕቃው እየታየ፣ አሮጌ ነው፣ ልጅቷን በአንድ ዓመት ይበልጣታል፣ ትምህርት ቤት የጀመረችው በእሱ ነው፣ ከፊት ተቀምጣ፣ እግሯ ተንጠልጥሎ፣ ይኼ ምንድነው አባባ፣ ፍሬን ነው አትንኪው፣ ይኼስ፣ ፍሪሲዮን፣ አትንኪ፣ ይኼ ቀይ ነጥብስ፣ እሱን በጭራሽ! ቀይ ነጥብ ያለበት አባባ የጨረሰው ነው፣ አይነካም፣ እሺ አባባ። እሺ ባይ ልጅ ነበረች፣ እሺ ስትል ደግሞ ከልቧ ነው።

ቀይ ነጥቡ የእሱ ሕግ ነው፣ ከጋራዥ ያመጣው፣ አንድ ብሎን ወይ ዳዶ አጥብቆ ሲጨርስ ጫፉ ላይ ጠብ ያደርግበታል፣ ጠዋት ቀለሙ ተሰንጥቆ ከተገኘ ሰው ነክቶታል ማለት ነው፣ ካልተሰነጠቀ አልተነካም፣ በቃ፣ ክርክር የለም፣ ጋራዥ ሳለ የቀለም ቆርቆሮ ነበረው፣ ቤት ሲገባ የሚስቱ የጥፍር ቀለም ላይ ወደቀ፣ የውሃ ቧንቧው፣ የበሩ ማጠፊያ፣ የምድጃው ጋዝ፣ ሁሉም ቀይ ነጥብ አለው፣ እኔ ጥፍሬን ሳልቀባ የቤቱ ብሎን ሁሉ ተኳኩሎ ሠርግ ሊሄድ ደረሰ ትላለች ሚስቱ፣ ሰው ሲስቅ እሱ አይስቅም።

ሞላዎቹን ያወጣል፣ ሽፋኑን ያነሳል፣ ወጣ ሽታው፣ ያው ሽታ፣ የተቃጠለ፣ ያን ቀን ሳሎን ድረስ የገባው። አትሂድ ወደዚያ፣ ሥራህን ሥራ። ሄደ ግን፣ ሐሳብ መች ይታዘዛል። አንድ የንድፍ ቢሮ ለቃለ መጠይቅ ጠርቷታል፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከስንትና ስንት ተፈታኝ አምስት ቀርተው አምስተኛዋ እሷ፣ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ይጮሃል ጎማው አይሄድም፣ ነዳጅ ስትሰጠው ጩኸቱ ብቻ ይጨምራል፣ ወርዳ ግማሹን ዳገት ገፋች፣ አንድ ጎሚስታ ቤት በር ላይ አቁማው የቀረውን በእግሯ ሮጠች፣ በቢሮ ጫማዋ፣ ስትደርስ አራት ሰዓት ከሩብ፣ ስምሽ ተጠርቶ አልፏል የኔ እህት፣ አላት ጥበቃው። ተመልሳ ሞተሩን ቁልቁል እያንከባለለች ቤት ገባች፣ አጎቷ ሳሎን ተቀምጧል፣ እናቷ ቆማለች፣ እሱ ፎርማኑ ደግሞ ተረከዟ መድማቱን አላየም፣ ወጥቶ ያየው ሞተሩን ነው፣ አሸተተው፣ ገባ፣ ፍሪሲዮኑን ይዘሽ እየነዳሽ ነው ያቃጠልሽው አላት፣ አልያዝኩም አባባ፣ ይዘሻል፣ አልያዝኩም እኮ፣ ብረት አይዋሽም፣ የሚዋሽ ሰው ነው።

በአጎቷ ፊት። የሚዋሽ ሰው ነው።

አይዞሽ ነበር የሚባለው፣ አሁን ያውቀዋል፣ መጀመሪያ አይዞሽ፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ወንበር፣ ስለ ፍሪሲዮን በሦስተኛው ቀን ቢነገር ምን ነበረበት፣ አንድ ቃል አልመለሰችም፣ በማግስቱ ልብሷን በሻንጣ አድርጋ አክስቷ ቤት ገባች፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ አለች ሚስቱ፣ ሳህን እያደረቀች፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታየው። ነገ ደግሞ ሌላ ቢሮ ጠርቷታል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በዚያ መስመር ጠዋት አውቶቡስ የለም፣ ያለው ይኼ ሞተር ብቻ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ማለቅ አለበት፣ ያልቃልም።

ሳህኖቹን አንድ በአንድ ያወጣል፣ አንዱ ሸራ የለበሰ፣ አንዱ ባዶ ብረት፣ አንዱ ሸራ፣ አንዱ ብረት፣ ሸራው ከስሏል፣ በጥፍር ሲነካ ይረግፋል፣ ብረቶቹ በሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆነዋል፣ መለኪያውን አውጥቶ ይለካል፣ ግማሹ አልቋል፣ ግማሹ! አየሽ፣ ይላል በባዶ በረንዳ፣ አየሽ አይደል፣ እዚህ ያለው የያዘ እጅ ነው፣ ሳይያዝ እንዲህ አይነድም፣ ደስ ይለዋል፣ ልቡ ትንሽ ያፍራል፣ ግን ደስ ይለዋል። ጋዜጣውን መሬት ላይ ያነጥፍና በቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል፣ ስትገባ እንድታያቸው፣ ብዙ መናገር አያስፈልግም፣ ታየዋለች፣ አባባ ልክ ነበርክ ትላለች፣ እሱም አይዞሽ ያጋጥማል ይላታል፣ ታረቁ፣ አለቀ። እንዲህ ነው ያቀደው። የደረሰው ጉዳት በአሽከርካሪዋ የአያያዝ ጉድለት የተከሰተ መሆኑ በምርመራ ተረጋግጧል። ቀን። ፊርማ። ሠላሳ አንድ ዓመት የጻፈው ዓረፍተ ነገር ነው፣ እንቅልፍ ላይ ሆኖ ይጽፈዋል።

ትሪዬን ምን አደረግከው፣ ትላለች ሚስቱ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ፣ ሽንኩርት የከተፈችበት ቢላ በእጇ፣ አዲሶቹን ሸራዎች ዘይት አጠጥቼበታለሁ፣ ካልጠጡ ይነዳሉ፣ ትሪዬ ላይ፣ እጥበዋለሁ፣ አንተ ትሪ! ትስቃለች ለአፍታ፣ ከዚያ ጋዜጣው ላይ የተደረደረውን ታያለች፣ ሳቋ ይቆማል፣ ይኼ ምንድነው፣ ማስረጃ ነው፣ ለማን፣ አንዱን ሳህን ቀና ያደርጋል፣ ሰውዬ፣ ትለዋለች፣ ልጅህ ናት እኮ፣ ጋራዥህ አይደለችም፣ ትገባለች፣ የቢላው ድምፅ ከበፊቱ ፈጠን ብሎ ይሰማል።

ምን አጠፋሁ፣ እውነቱን ነው ያልኩት። ጋራዥ ቢሆንማ ቀላል ነበር፣ ጋራዥ ሰው ፊርማውን አይቶ ይሄዳል። ሁሉም ግን አይሄድም፣ አሁን ምን አመጣው ያንን ሰው፣ የሰባት ቁጥሩን ሾፌር፣ ዝምተኛው የሚሉትን፣ ለምን ዛሬ፣ ፍሪሲዮን በሁለት ወር ሦስቴ አቃጠለ ተብሎ ቀርቦ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጋሼ፣ እግሬን ፔዳሉ ላይ አላሳርፍም፣ ልጆቼን ይንሳኝ አላሳርፍም፣ እና ማን አቃጠለው፣ እኔ እንጃ ጋሼ፣ ዳዶው ላይ ነጥቤ አልተሰነጠቀም፣ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ አንተ ነህ፣ ብረት አይዋሽም፣ ዝም አለ ሰውዬው፣ ከመሪ አነሱት፣ በር ላይ ዘበኛ አደረጉት፣ አሥራ አንድ ዓመት ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍቶ አስገባው፣ እንደምን አደሩ ጋሼ፣ ደህና፣ በቃ፣ ይኼው ነው የተነጋገሩት። ተው አሁን። ሰዓቱ ሰባት ተኩል።

አዲሶቹን ከትሪው ያነሳል፣ ዘይቱ በክንዱ ይወርዳል፣ ሸራ፣ ብረት፣ ሸራ፣ ብረት፣ ጥርሳቸውን ከጥርሱ ያገጣጥማል፣ ሽፋኑ፣ ሞላዎቹ፣ ብሎኖቹን ደግሞ በዙር ሳይሆን በትይዩ፣ ይኼን ትንሽ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ትንሽ፣ አንዱን ብቻ ካጠበቅከው ይንጋደዳል፣ ይኼን ሁሉም ያውቃል፣ ሰው ላይ ሲሆን ነው የሚረሳው፣ ክዳኑን ይገጥማል፣ ዘይት ይሞላል፣ እጁ ያውቀዋል፣ እጁን ብቻ ቢተዉት እሱ ጥሩ ሰው ነው።

የቀረው ገመዱ ነው። ከመሪው ማንሻ ተነስቶ እታች ሞተሩ ጋ የሚደርሰው ገመድ፣ ጫፉን ወደ ቦታው ይስባል፣ አይደርስም፣ ይስባል፣ በጣት ስፋት ያህል ይቀረዋል፣ ምን ሆነ፣ ጠዋት ሲያላቅቀውም በካቻቢቴ ፈልቅቆ ነው ያወጣው፣ ክር ሆኖ ተወጥሮ ነበር፣ አሮጌ ገመድ ነው ብሎ አለፈው፣ አሮጌ ገመድ ይረዝማል እንጂ መች ያጥራል፣ ቀና ይላል፣ በገመዱ ላይ ዓይኑን እያስኬደ እስከ መሪው፣ እስከ ማስተካከያው ዳዶ።

ማስተካከያው እስከ መጨረሻው ጥርስ ወጥቷል። ዳዶው ላይ ቀይ ነጥብ። ድፍን፣ የሚያብረቀርቅ፣ ያልተሰነጠቀ።

የእሱ ነው።

ዘጭ ይላል ጥግ ባለው አሮጌ በርሜል ላይ። ማንም ያውቀዋል ይኼን፣ የመጀመሪያ ቀን ተለማማጅ ያውቀዋል፣ ማንሻው ሲነካ መጀመሪያ የሳንቲም ውፍረት ያህል ላላ ማለት አለበት፣ ላላ ካላለ ሰው ባይነካውም ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ እንደተያዘ ነው፣ ሸራውና ብረቱ አይነካከሱም፣ ይንሸራተታሉ፣ ይፋተጋሉ፣ ይነዳሉ፣ እጅ ነበረ ያለው ልክ ነው፣ የያዘ እጅ ነበረ፣ የማን እጅ የሚለውን ነው የሳተው። ከሁለት ወር በፊት፣ እዚሁ በረንዳ፣ አባባ ማንሻው ሩቅ ነው ጣቴ አይደርስልኝም፣ እጅሽ የእናትሽ ነው፣ ነይ፣ ዳዶውን አዞረ፣ አሁንስ፣ ትንሽ፣ አዞረ፣ አሁንስ፣ አሁን ገና ስነካው ይይዛል! ሳቀች፣ እሷ ስትስቅ እሱ ሌላ ነገር አያይም፣ አንድ ዙር ጨመረላት፣ ለእጇ ብሎ፣ ለዚያች ትንሽ እጅ፣ ከዚያ የጥፍር ቀለሙን አመጣና ጠብ፣ ጨረሰ፣ ሳይለካ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በግምት ያልተናገረው ሰው።

ደግሞም ነግራዋለች። ነግራሃለች! በሳምንቱ፣ በር ላይ፣ የራስ ቁሯን እያሰረች፣ አባባ ሞተሩ ዳገት ላይ ይጮሃል፣ ጠብቆ ይሆን፣ ያጠበቅኩት እኔ ነኝ፣ ይለምድሻል፣ ቀይ ነጥብ ያለበትን አትንኪ። እሺ አባባ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል የሚሉት የማንን ታሪክ ነው።

ስምንት ሰዓት ከሃያ። ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ወጥ ቤቱን ያያል፣ ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታለች፣ እንግዲህ አስብ፣ ማን አየ፣ ማንም፣ ነጥቡን ትፍቀዋለህ፣ ዳዶውን ሦስት ዙር ታላላዋለህ፣ ገመዱ ይደርሳል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ጋዜጣው ላይ ያሉት እንደተቃጠሉ ናቸው፣ አየሽ ትላታለህ፣ ብረት አይዋሽም፣ እሷም ልታምን ነው፣ በእጇ ልታፍር ነው፣ ዕድሜ ልኳን ማንሻ በነካች ቁጥር፣ አንተ ግን አባባ ልክ ነበርክ ትባላለህ፣ ካቻቢቴው እጁ ላይ ነው፣ መቼ አነሳው፣ ጫፉን ነጥቡ ላይ ያሳርፋል፣ ይጭራል፣ ትንሽ ቀይ ቅርፊት ተነስታ አውራ ጣቱ ላይ ትለጠፋለች፣ የቀረው ግማሽ ዳዶው ላይ፣ የዝምተኛውም ዳዶ ላይ ነበረ ነጥብ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ያልተሰነጠቀ ማለት ማንም አልነካውም ማለት ነው እንጂ ልክ ነው ማለት መች ነው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ስንት ፊርማ፣ ስንት—

የግቢው በር።

ገና ሰዓቱ አልደረሰም! ደረሰ አልደረሰ፣ ገብታለች፣ የራስ ቁሯ በክንዷ ላይ፣ ከስታለች፣ ወይስ ፀጉሯን አስራው ነው፣ ደህና ዋላችሁ፣ ትላለች፣ ለግድግዳውም ለአንሶላውም፣ አባባ የለበትም፣ ደህና ዋልሽ፣ አልቋል፣ ገመዱ ብቻ፣ ይላል፣ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስለዋል፣ እሷ ጋዜጣውን ታየዋለች፣ የተደረደሩትን፣ ከአንድ እስከ አሥራ ሦስት፣ ከንፈሯን ነከስ ታደርጋለች፣ ምንም አትልም፣ ያው ያን ቀን ያለችውን ምንም፣ ዝምተኛው ኮፍያውን ይዞ ያለውን ምንም፣ ተናገር፣ አሁን ካልተናገርክ በኋላ የለም፣ ከዚህ በረንዳ በሞተሩ ትወጣለች፣ ሞተሩን ታገኛለች፣ አንተን አታገኝም።

ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ ይላል።

የቢላው ድምፅ ይቆማል ወጥ ቤት።

ገመዱን እኔ ነኝ ያጠበቅኩት፣ ከልክ በላይ፣ አንቺ አልያዝሽም፣ እጅሽ ምንም አላደረገም፣ ተመልከቺ፣ ነጥቡ የኔ ነው፣ ልፍቀው ነበር፣ ይላል ደግሞ፣ ያላሰበውን፣ አውራ ጣቱን እያሳያት፣ አሁን መፋቅ ጀምሬ ነበር፣ ነውሬን ልደብቅ።

አውቃለሁ፣ ትላለች።

ምኑን።

ገመዱ እንደጠበቀ፣ ያን ቀን ነው ያወቅኩት፣ ዳገቱ ላይ ያለው ጎሚስታ ማንሻውን ነካ አድርጎ ማነው እንዲህ አንቆ የያዘው አለ፣ ሁለት ዙር ላላላልሽ፣ ቀስ ብለሽ ከነዳሽው ዳገቱን ያወጣሻል አለኝ።

እና፣ እና ለምን—

ቁልፉን ሲያነሳ ከለከልኩት፣ ትላለች፣ አሁን እያየችው ነው፣ ሃያ ሁለት ቀን ያላየችውን ያህል፣ ቀይ ነጥብ አለበት አልኩት፣ የአባቴ ነው፣ አይነካም አልኩት።

የሆነ ቦታ የውሃ ቧንቧ ይንጠባጠባል፣ ነጥብ ያለበት ይሆናል፣ ሁሉም ነጥብ አለበት። እንግዲህ ይኼ ነው፣ ልታላላው ትችል ነበር፣ ልትደርስ ትችል ነበር፣ ስሟ ሲጠራ አቤት ልትል ትችል ነበር፣ እሺ አባባ ብላ እንጂ፣ በባዶ ዳገት፣ እሱ በሌለበት፣ ለእሱ ስትል ትታው እንጂ፣ ኋላ ይዘሽ ነው ያላትን ሰው ቃል ይዛ፣ ይዛማ ነበር፣ ሌላ ነገር ነበር የያዘችው። ለምን አልነገርሽኝም ያን ቀን፣ ይላል፣ ነግሬህ ነበር እኮ ከዚያ በፊት፣ ደግሞ ብነግርህ ሰው ነው የሚዋሽ ትለኝ አልነበር፣ ብረቱ ይንገረው ብዬ ተውኩት። እውነቷን ነው። ዓይኑ ሞልቷል፣ በዘይት እጁ እንዳይጠርገው ክርኑን ያነሳል፣ ይቅር በይኝ ልጄ ይላል፣ ይኼን ቃል በዚህ ቤት ጮክ ብሎ ሲለው የመጀመሪያው መሆኑን ሲለው ነው የሚያውቀው።

የዳዶ ቁልፉን ይዘረጋላታል። እሷ ቁልፉን ታየዋለች፣ እኔ፣ አንቺ፣ ትቀበላለች፣ ነጥቡን ትሰነጥቀዋለች፣ ቀጭ ይላል፣ ዳዶውን ታላላለች፣ እሱ ከታች ገመዱን ቦታው ያስገባል፣ ደረሰ፣ ከቦርሳዋ ሳንቲም አውጥታ ማንሻው ሥር ትለካለች፣ ታጠብቃለች፣ ታላላለች፣ ይበቃል፣ ትለዋለች፣ ምላሱ ላይ መልሱ አለ፣ ሩብ ዙር ይቀረዋል፣ ይውጠዋል፣ ሩብ ዙሩን ይውጠዋል፣ የምትነጂው አንቺ ነሽ፣ ይላል፣ ማንሻውን ደጋግማ ትስባለች፣ ሩብ ዙር ትጨምራለች። እራሷ። አሁን ይበቃል። ትረግጠዋለች፣ ይነሳል፣ ማርሽ ታስገባለች፣ ማንሻውን ቀስ አድርጋ ስትለቀው ያዘ፣ ሳይጮህ፣ ግቢውን አንዴ ዞራ አንሶላው ሥር ትቆማለች።

ቀዩን አትቀባውም፣ ትላለች።

አይ፣ ሰው ይንካው።

እሺ አባባ።

አባባ። ሄደች ደግሞ፣ አክስቷ ቤት ነው የምታድረው፣ ገና ነው፣ ቀስ እያለ ነው፣ ነገ ከቢሮው ስትመለስ በዚህ አልፋለሁ ብላለች ለእናቷ፣ ለእናቷ ነው ያለችው፣ ድምፁ ዳገቱን ሲወጣ ይሰማዋል፣ ጆሮውን ወርውሮ፣ አይጮህም፣ ይወጣል፣ ሞተሩ ይወጣል፣ እሱ ግን አልተረጋጋም፣ ሊረጋጋ ይገባው ነበር፣ ከተደረደሩት አንዱን የከሰለ ሸራ ከጋዜጣው ያነሳል፣ ያገላብጠዋል፣ ጣለው እንጂ አትልም ሚስቱ፣ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች፣ ያ ሾፌር፣ ይላታል፣ ዝምተኛው፣ ቤቱ የት ነበር፣ ከገበያው ጀርባ፣ እዚያው ነው ያለው፣ ትላለች፣ ምነው ሳትጠይቀኝ ስንት ዓመት ቆየህ። እጁን በሳሙና ያጥባል፣ ጥቁሩ አይለቅም፣ ደግሞ ያጥባል፣ አይለቅም፣ ይሁን፣ እንዲህ እንደሆነ ይጨብጠው፣ ከጨበጠው፣ ጫማውን ይፈልጋል።